በእሳት ያጣናቸው፦ ስለ ኀዘን፣ ስለ ሱስና ስላልታሰበ ወዳጅነት

ባለፈው ክረምት (ክረምት ስንል የሚኒሶታውን በረዶ ነው) በአንድ ቅዳሜ ማታ ከደብራችን ወላጆች ጥቂቶቹ ጋር በአዳራሹ ተሰብስበን አንድ የአሜሪካ ፊልም ተመልክተን ነበር። በምእመናን አዳራሽ ፊልም ምን ያደርጋል ብለው ያዘኑብን አባቶች እንዳሉ ሰምተናል፤ ቅሬታቸውንም እናከብራለን። ይሁን እንጂ ያን ማታ የተነሣው ጉዳይ በየዕለቱ በሌክ ስትሪት አጠገቡ የምናልፈው ስለ ሆነ በዚህ እትም ለአንባብያን ማቅረብ ግድ ሆኖብናል።

የፊልሙ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «በእሳት ያጣናቸው ነገሮች» ይሆናል። ዴንማርካዊቷ ሱዛነ ቢር ያዘጋጀችውና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ለሕዝብ የቀረበ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ብራየን የሚባል የሁለት ልጆች አባት በመንገድ ላይ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው አይቶ ሊገላግል ሲገባ በጥይት ይሞታል። ሚስቱ ኦድሪ ከልጆቿ ጋር ትቀራለች። ሟቹ ጄሪ የተባለ የልጅነት ወዳጅ ነበረው፤ ቀድሞ ጠበቃ፣ ኋላ ግን የሄሮይን ሱስ ከሰው ተራ ያወጣው ሰው ነው። ብራየን ይህን ወዳጁን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወውም፤ ኦድሪ ግን ስሙ ሲነሣ እንኳ አትወድም ነበር። ባሏ ከተቀበረ በኋላ ይህንኑ የጠላችውን ሰው ጠርታ ከጋራዡ ጋር በተያያዘው ክፍል እንዲኖር ታደርገዋለች።

ለምን ጠራችው? ከተመልካቾቹ አብዛኞቹ ለጽድቅ ነው አሉ። እኛ ግን ሴትዮዋ የራሷ ችግር ያለባት ሆና ነው የታየችን። እንቅልፍ አጥታለች፤ ቤቱ ባዶ ሆኖባታል፤ ባሏን ከእርሷ በፊት ያወቀ በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ ያ ሱሰኛ ነው። አንድ ሌሊት ባሏ ያደርገው እንደ ነበረ ጆሮዋን እየዳሰሰ እንዲያስተኛት ትለምነዋለች። ነገሩ ለእኛ ባህል የሚከብድ ቢሆንም፣ በመካከላቸው ነውር አልተሠራም፤ ኀዘንተኛዋ የፈለገችው እንቅልፍ ብቻ ነበር።

ኋላ ጄሪ ትንሹን ልጅ ራሱን ውኃ ውስጥ መንከር ያለማምደዋል። አባቱ ብዙ ደክሞ ያልሆነለትን ነው። እናቲቱ ደስ ሊላት ሲገባ በቍጣ ትነድዳለች፤ ያ ቀን የባሏ መሆን ነበረበትና። ውሎ አድሮ ከቤት ታስወጣዋለች፤ እርሱም ወደ መርፌው ይመለሳል። ሄዳ ፈልጋ የምታወጣው ራሷ ናት። ፊልሙ ጄሪን ፈጽሞ የዳነ አድርጎ አያሳየንም፤ ለሕክምና ሲሄድ ነው የምንለየው። እኛም ይህን ወደድንለት።

የፊልሙ ስም የመጣው ከጋራዡ ቃጠሎና በቃጠሎው ከጠፉት ዕቃዎች ዝርዝር ነው። ሌክ ስትሪት ለሚኖር ሰው ይህ ስም ሌላም ነገር ያስታውሰዋል። ጆርጅ ፍሎይድ በግንቦት 25 ቀን 2020 ከተገደለ በኋላ ይህ ጐዳና ለሌሊቶች ነድዷል፤ በግንቦት 28 የሦስተኛው ቀጠና ፖሊስ ጣቢያ ሲቃጠል ጢሱን ከየመስኮታችን አይተናል። በዚያ ሰሞን ሱቃቸው የተቃጠለባቸው ሁሉ ለመድን ድርጅት ዝርዝር ሲጽፉ ነበር፦ ማቀዝቀዣ፣ ምጣድ፣ የሒሳብ መመዝገቢያ፣ ወንበር ይህን ያህል። በዚያው ጐዳና በዝግታ የሚነድደውን ሌላውን እሳት ግን ዝርዝር አልጻፍንለትም።

አንድ ነገር እንናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ሞቶ ለቅሶ ደርሰን ነበር። የሞቱ ምክንያት ድንገተኛ ሕመም ነው ተብሎ ተነገረ፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ወላጆቹ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ንፍሮው ይዞራል፤ እኛም ዳዊት እንደግማለን። በዚህ መካከል አንድ የከሳ ልጅ፣ እጅጌው የረዘመ ሹራብ የለበሰ፣ ከበሩ ቆመ። የሟቹ ጓደኛ ነበር። በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ቦታ የለም አሉት። ቦታ ነበረ፤ ከአጠገባችን ሦስት ወንበር ባዶ ነበር። እኛም አይተን ገጹን ገለጥን። ልጁ ከመንገዱ ማዶ ጥቂት ቆሞ ሄደ።

ያን ልጅ ያስታወሰን ፊልሙ ነው። የሟቹን የመጨረሻ ወራት የሚያውቅ ከእርሱ በቀር በዚያ ቤት ማንም አልነበረም። ልጃቸው በምን ይሥቅ እንደ ነበር፣ ስለ እናቱ ምን ይል እንደ ነበር፣ ለመተው ስንት ጊዜ እንደ ሞከረ፣ ወላጆቹ ይህን ለመስማት ያላቸውን ሁሉ በሰጡ ነበር። እኛ ክብራቸውን የጠበቅን መስሎን የልጃቸውን ግማሽ ሕይወት ከበር መለስንባቸው። ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ በወጉ ተደርጓል፤ ስለ ልጁ ግን እውነት የተናገረ አልነበረም። ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ስሕተታቸው የጀመረው ጥፋቱን ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኛ ግን መቀመጡንም ከለከልን።

ሱሰኛ ለሌላው ይጠቅማል ማለት የፊልም ተረት እንዳይመስል አንድ ታሪክ እንጨምር። በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል መጠጥ በቅርቡ የተወ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ወደ ኦሃዮዋ አክረን ሄዶ ሥራው ሲበላሽበት፣ ወደ መጠጡ እንዳይመለስ ፈርቶ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ፈለገ። ያገኙለት ቀዶ ጠጋኙን ዶክተር ቦብ ስሚዝን ነው። ዊልሰን የሄደው ራሱን ለማዳን ነበር፤ ከዚያ ጭውውት የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር ተወለደ። በ1949 እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሴንተር ሲቲ ላይ፣ ሄዝልደን የተባለው ማገገሚያ ተከፈተ፤ በኋላ «የሚኒሶታ ዘዴ» የተባለው ሕክምናም ከሱስ የተላቀቁትን ሰዎች ከሐኪሞች ጐን አማካሪ አድርጎ ያስቀምጣል። የዓለም ሕዝብ ለዚህ ሕክምና ወደ ሚኒሶታ ይመጣል፤ የእኛ ልጆች ግን እዚሁ እየኖሩ ነው በስውር የሚሞቱት።

አሁን ከቃል ወደ ሥራ እንለፍ። ዛሬ በጐዳናው የሚሸጠው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ ፌንታኒል አለበት፤ ከሞርፊን 50 እስከ 100 እጥፍ ይበረታል። የሚገድለውም ትንፋሽን በማቆም ነው። ናሎክሶን የተባለው በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ያን መርዝ ከአንጎል ላይ አስለቅቆ በጥቂት ደቂቃ ትንፋሽን ሊመልስ ይችላል፤ ከ2023 ወዲህም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ኃይሉ ቶሎ ስለሚያልቅ ሰውየው ቢነቃም 911 መደወል ግድ ነው። ፖሊስ ይመጣብናል ብለው የሚፈሩ አሉ። በ2014 የወጣው የሚኒሶታ ሕግ፣ በ2011 በዚሁ መንገድ በሞተው በስቲቭ ረምለር ስም የሚጠራው፣ ለሌላው ሰው ርዳታ የጠራ ሰው በእጁ ስለ ተገኘ ጥቂት ዕፅ እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል፤ መድኃኒቱን በቅንነት የረጨውንም እንዲሁ።

ከሁሉ ይልቅ ወላጆች ይህን ልብ ይበሉ፤ እጅግ አደገኛው ጊዜ ልጁ ለሳምንታት ከተወ በኋላ ያለው ነው። ከጠበል፣ ከማገገሚያ ወይም ከእስር ሲወጣ ሰውነቱ የለመደውን መጠን ረስቷል፤ የቀድሞውን ያህል ቢወስድ ይሞታል። ስለዚህ ልጃችንን ጠበል ወስደን አዳንነው ብለን በተደሰትንበት ሰሞን ነው መድኃኒቱ በቤት ውስጥ መኖር ያለበት። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚሰጣቸውንም «ሱስ በሱስ ለወጡ» እያልን አናስቁማቸው። በዚያው በ2007 ፓትርያርኩ በእንጦጦ ጠበል ለሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚሄዱ በይፋ አስተምረዋል። በአስተዳደር ጉዳይ የተለየ አሳብ ያለን ሁሉ በዚህ ትምህርት አንለይም።

ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ስለዚህ ነገር በይፋ እየተነጋገሩ ነው። የእኛም ወላጆች ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በወር አንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ ከሱስ የተመለሱ ሁለት ወጣቶችም አብረው ይቀመጣሉ። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት ከወጣቶቹ አንዱን ልጇን ያውቀው እንደ ነበር ጠየቁት። ያውቀው ነበር። እስኪመሽ ሲያወሩ ቆዩ፤ እኛም ሻይ አቅርበን ወጣን።

ናሎክሶኑ በአዳራሹ ማድ ቤት ከጀበናዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ተቀምጧል። መደርደሪያው ቍልፍ የለውም።