ከፍሳሽ ቆሻሻ ኤሌክትሪክ፦ ተስፋውና ገደቡ

ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ ቆሻሻ ወደ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት ማጣሪያ ጣቢያ ይገባል። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ጣቢያዎች ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱም ኦክስጅን ስለሚያስፈልጋቸው ማሽኖች ሌሊትና ቀን ወደ ገንዳው አየር ይነፋሉ። ጣቢያው ከሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ይኸው ሥራ ነው። የሚያስገርመው ግን ፍሳሹ ራሱ ኃይል የያዘ መሆኑ ነው፤ የምግብ ትርፍራፊውም ሆነ ዓይነ ምድሩ በውስጡ ኬሚካዊ ኃይል አለው። ከተሞች ኃይል ያለውን ነገር ለማስወገድ ሌላ ኃይል ይገዛሉ ማለት ነው። ባዮኤሌክትሮኬሚካል ሥርዓት የሚባለው ቴክኖሎጂ የታለመው ይህን ብክነት ለመቀነስ ነው።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ባክቴሪያ ምግቡን ሲያፈርስ ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ እነዚህንም የሚቀበል ነገር ያስፈልጋል። በተለመደው ጣቢያ ተቀባዩ ኦክስጅን ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ኦክስጅን በሌለበት ኤሌክትሮኖቻቸውን ከሰውነታቸው ውጭ ላለ ጠጣር ነገር ያስረክባሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ጂኦባክተር እ.ኤ.አ. በ1987 የተገኘው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ከሚያልፈው የፖቶማክ ወንዝ ደለል ውስጥ ነው። በደለሉ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹን የሚቀበለው ዝገት መሰል የብረት ውሁድ ነው።

መሐንዲሶች በዝገቱ ፈንታ ከካርቦን የተሠራ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም አኖድ፣ ፍሳሹ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ባክቴሪያዎቹ በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ይኖራሉ። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ ተጉዘው ካቶድ ወደተባለው ሌላ ኤሌክትሮድ ይደርሳሉ፤ በዚያም ከአየር ከሚገባው ኦክስጅንና ከሃይድሮጅን አዮኖች ጋር ተዋህደው ውኃ ይሆናሉ። በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሮኖች ጉዞ ኤሌክትሪክ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ የዕፅዋት ተመራማሪ ማይክል ፖተር ረቂቅ ተሕዋስያን ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1911 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ የከተማ ፍሳሽን ሲያጣሩ፣ ኦክስጅን ከሚሻማው ቆሻሻ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን አስወገዱ። የተገኘው ኃይል ግን በአንድ ካሬ ሜትር ኤሌክትሮድ ቢበዛ 26 ሚሊዋት ነበር። በዚህ ስሌት አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል ለማብራት 385 ካሬ ሜትር ገደማ ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ

በሌላው ዓይነት ሥርዓት ካቶዱ ኦክስጅን አያገኝም፤ ከውጭ ጥቂት ቮልቴጅ ሲጨመርለት ሃይድሮጅን ጋዝ ይሰጣል። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰሜን እንግሊዝ በሚገኝ ማጣሪያ ጣቢያ 120 ሊትር የሚይዝ መሣሪያ ተክለው ንጹሕ ሊባል የሚችል ሃይድሮጅን አግኝተዋል። መሣሪያው ከተሰጠው ኤሌክትሪክ 70 በመቶ የሚያህለውን በሃይድሮጅን መልክ መልሷል፤ የተጠቀመበትም ኃይል አየር ከመንፋት ያነሰ ነበር። ከቆሻሻው ያስወገደው ግን ከፊሉን ብቻ ነው።

ቀሪዎቹ ችግሮችም ቀላል አይደሉም። የቤት ፍሳሽ ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም፤ ኤሌክትሮዶቹ ውድ ናቸው፤ ሚቴን የሚያመርቱ ተሕዋስያንም ምግቡን ይሻማሉ። በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለማስወገድ ደግሞ ተጨማሪ የማጣራት ደረጃ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከተማን የሚያበራ ኤሌክትሪክ ከዚህ ቴክኖሎጂ መጠበቅ አይገባም። ዋናው ጥቅሙ አየር ለመንፋት የሚወጣውን ኃይልና የሚጠራቀመውን ዝቃጭ መቀነሱ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ውድ ወይም ተቆራራጭ በሆነበት አገር ይህ ቁጠባ ፍሳሽን በማጣራትና ሳይጣራ ወደ ወንዝ በመልቀቅ መካከል ያለውን ምርጫ ሊወስን ይችላል።