ኤጀንቱ ሲመጣ ቀና ብላችሁ ክፈቱ

ሜልበርን ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያቺን ኢሜይል ያውቃታል። ከሪል ስቴቱ ትመጣለች፤ የኢንስፔክሽኑ (የቤት ፍተሻው) ቀንና ሰዓት ተጽፎባታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የቤቱ ሰላም ይደፈርሳል። እናት ኦቨኑን ትፈትጋለች፣ አባት የሣር ማጨጃ ሊዋስ ይወጣል፣ ልጆች ግድግዳ እንዳይነኩ ይነገራቸዋል። ቡናው እንኳ «ጭሱ ይቀራል» ተብሎ ለሳምንት ይቆማል። ኤጀንቱ መጥቶ ጥቂት ደቂቃ ዞር ዞር ብሎ ሲወጣ ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ቀጣዩ ኢሜይል ሲመጣ ደግሞ ያው ጭንቀት እንደገና ይጀመራል።

ይህን ጭንቀት ከጫንቃችን እንድናወርደው ነው የምጽፈው። ይቻላልና! ኪራዩን እየከፈላችሁ የምትኖሩበት ቤት ቤታችሁ ነው። ጽዳቱ የምትኮሩበት፣ ገመናው የምትጠብቁት የራሳችሁ ነገር ነው። ኢንስፔክሽኑም ካወቃችሁበት ለእናንተ የሚሠራ ቀን ይሆናል።

ፍርሃቱን ይዘን የመጣነው ከሩቅ ነው። ብዙዎቻችን አዲስ አበባ ሰው ግቢ ተከራይተን ኖረናል። አከራይና ተከራይ የሚገባው በአንድ በር ነው፤ ቆጣሪው አንድ፣ ቧንቧውም አንድ። «ውኃ በዛ»፣ «መብራት አጥፉ እንጂ»፣ «ትናንት የመጣው እንግዳ ማነው?»፣ «ከሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም» እየተባልን ነው የኖርነው። ደግ አከራዮች ሞልተዋል፤ በበዓል ቀን ድፎ ዳቦ የላኩልንን፣ ልጆቻችንን ከልጆቻቸው ሳይለዩ ያበሉልንን አልረሳም። ነገር ግን አከራይዋ ሳያንኳኩ መጋረጃውን ገልጠው ቢገቡ «ምነው?» ማለት ነውር የሚመስልበት ኑሮ ነበር። ተከራይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲኖር ያ ኑሮ አስተማረን።

የሚያስቆጨው ሕጉ እዚያም ቢሆን እንዲህ አለማለቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ ቤት የማይደፈር መሆኑን፣ ሕግ ከፈቀደው ሁኔታ በቀር ማንም ያለ ነዋሪው ፈቃድ ሊገባበት እንደማይችል ደንግጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን አስከብሯል። ሁለቱም የሚጠብቁት በቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ነው፤ የቤቱ ካርታ በስሙ ይሁን አይሁን አይጠይቁም። ስለዚህ «ባገሬም መብቴ ነበር» ብላችሁ ጀምሩ።

ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ደግሞ ነገሩ በሕግ በዝርዝር ተጽፏል፤ ዝርዝሩን ማወቅ ደግሞ የፍርሃቱን ግማሽ ይነቅላል። የኪራይ ሕጉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 የወጣ ሲሆን፣ ማርች 29 ቀን 2021 ሥራ ላይ የዋሉት ማሻሻያዎች ለተከራይ ብዙ ነገር ለውጠዋል። ለተለመደው ኢንስፔክሽን ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት በጽሑፍ ሊነገራችሁ ይገባል። በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ አይደረግም፤ ከዚያ በኋላም በ6 ወር ከአንድ ጊዜ አይበልጥም። ሰዓቱ በፈረንጅ ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 6 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት መሆኑ ነው። በሕዝብ በዓል ቀን አይመጡም። የገባው ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል እንጂ ያለ ፈቃዳችሁ ከሚያስፈልገው በላይ አይቆይም። ሲድኒ ያላችሁ የምትተዳደሩበት ሕግ ሌላ ነው፤ እዚያ ማስታወቂያው ያው የ7 ቀን ሆኖ በዓመት እስከ 4 ጊዜ ሊመጡ ይችላሉ።

በሥርዓት ነግሮ የመጣን ሰው ማስገባት ደግሞ የእናንተ ግዴታ ነው። ይህን አምናችሁ ተቀበሉት፤ ግዴታውን የሚወጣ ሰው መብቱን ሲጠይቅ አንገቱን አይደፋም። አንድ ኤጀንት በድንገት ደውሎ «በራፋችሁ ላይ ነኝ፣ ለአንድ ደቂቃ ልግባ» ቢል፣ «ዛሬ አይመቸንም፤ እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልንና እንቀጣጠር» በሉት። ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፣ ይቅርታ መደርደርም አያስፈልግም። ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ሲሠራ አድሮ ጠዋት የሚተኛ፣ ታክሲ ነድቶ ንጋት ላይ የሚገባ ብዙ ወገን አለን። «የምተኛበት ሰዓት ነውና ከሰዓት በኋላ ይሁንልኝ» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሞክራችሁ እዩት። ብዙዎቹ ኤጀንቶች ይስማማሉ፤ እነሱም የሚፈልጉት ሳይጨቃጨቁ ሥራቸውን ጨርሰው መሄድ ነው።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ሕጉ ከተከራይ የሚጠይቀው ቤቱን በአግባቡ ንጹሕ አድርጎ እንዲይዝ፣ ጉዳት እንዳያደርስ፣ የተበላሸ ነገር ካየም ቶሎ እንዲናገር ነው። ከዚህ በላይ አይደለም። ሰው የሚኖርበት ቤት ሰው የሚኖርበት ይመስላል! ማድረቂያው ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ሳሎን ውስጥ የተበተነ የልጅ መጫወቻ፣ ከቁርስ የተረፉ ሁለት ብርጭቆዎች ማንንም አያስጠይቁም። ኤጀንቱ ሊያይ የሚገባው ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሻጋታ ይዞ እንደሆነ፣ ምንጣፉ ተቃጥሎ እንደሆነ ነው። አልጋችሁ እንዴት እንደተነጠፈ ለባለቤቱ ሪፖርት የሚደረግ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ የኢንስፔክሽኑ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ስታደራጁ አትደሩ። ጉልበታችሁን ቤቱን በእውነት ለሚጎዳው ነገር አውሉት።

በእኛ ቤት ደግሞ ያ ነገር በአብዛኛው ወጥ ቤት ነው። ቁሌት ስናቁላላ፣ በርበሬ ስናሽ፣ ቅቤ ስናነጥር ዘይቱ በእንፋሎት ተነሥቶ ከምድጃው በላይ ባለው የጭስ መሳቢያ ማጣሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ሳምንት ካለፈው ይደርቅና አልለቅ ይላል። ማጣሪያውን አውጥቶ በፈላ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና መዘፍዘፍ ትኩስ በትኩሱ ከተደረገ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ከአክንባሎው የሚወጣው እንፋሎት ቤቱን ያጥነዋል፤ በሜልበርን ክረምት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ሲጋገር እርጥበቱ ጥግ ጥጉን ይዞ ወደ ሻጋታ ይለወጣል። መስኮት ከፍታችሁ ጋግሩ፤ ብርዱ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቡናችሁንም አታቁሙ! ረከቦቱን ከምንጣፉ ላይ አንሥታችሁ ሰድል ባለበት ቦታ አድርጉት፣ ከከሰሉ ሥር ሰፊ ትሪ ይኑር፣ ዕጣኑ ሲጤስ መስኮት ይከፈት። የተቃጠለ ምንጣፍ ከቦንዳችሁ (ስትገቡ ካስያዛችሁት ገንዘብ) ሊቀነስ ይችላል፤ የጀበና ቡና ግን መብታችሁ ነው፣ ከጎረቤት ጋር የሚያፋቅር በረከትም ነው።

እንዲህ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት የምታደርጉት ጽዳት ለኤጀንቱ ተብሎ የሚደረግ አይደለም። የምትተነፍሱት አየር ነው፤ ልጆቻችሁ የሚሳቡበት ወለል ነው። ለራሱ ብሎ ቤቱን የሚይዝ ሰው የኢንስፔክሽን ቀን ሲደርስ የሚጨምረው ሥራ ትንሽ ነው። ይህ ልማድ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ግን ዛሬ ማጣሪያውን አጥባችሁ፣ ነገ የመታጠቢያ ቤቱን ሰድል ፈትጋችሁ እስኪ ጀምሩት። ቤቱ ሲለወጥ የእናንተም መንፈስ አብሮ ይለወጣል።

ገመናን በተመለከተ ከባዱ ነገር በሌላ ሰው ዓይን ፊት የራሳችንን ነገር መደበቅ ያለብን መምሰሉ ነው። ሰንሻይን ሠፈር አንዲት እናት አሉ። ኢንስፔክሽን በመጣ ቁጥር ከሳሎኑ ግድግዳ የእመቤታችንን ሥዕል ያወርዱ ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው ጠየቀቻቸው።

«እማዬ፣ ሥዕሏን ለምንድነው ሁልጊዜ የምታወርጃት?»

«ሰውየው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ የኔ ልጅ። የሰው ቤት አይደል?»

«የምንከፍለው እኛ፣ የምንኖርበት እኛ። ታዲያ የማን ቤት ነው?»

እናት ዝም አሉ፤ ሥዕሏ ግን በዚያ ቀን አልወረደችም። ኤጀንቱም መጣ፣ የጭስ ማንቂያውን አየ፣ መታጠቢያ ቤቱን አየ፣ ሄደ። ልጅቷ በሕጉም በኩል ትክክል ነበረች፦ ከ2021ዱ ለውጥ ወዲህ ጡቡ ወይም ኮንክሪቱ ሳይሸፈን በሚታይ ግድግዳ ላይ ካልሆነ በቀር የሥዕል ማንጠልጠያ ለመስቀል የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም። ሥዕላችሁን፣ የወላጆቻችሁን ፎቶ፣ የልጃችሁን የምረቃ ምስል ስቀሉ፤ በእነዚህ ነው ቤት ቤት የሚሆነው።

እንዲህ ስል ግን ጥንቃቄ አይኑር ማለቴ አይደለም። ፓስፖርት፣ የባንክና የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ መድኃኒት፣ ወርቅ ከጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ መሳቢያ ውስጥ ይግባ። የግል መሳቢያና ሻንጣ መክፈት የፍተሻው ሥራ አይደለም። ከቻላችሁ በሰዓቱ እቤት ሁኑ፤ አብራችሁ ከክፍል ክፍል ዙሩ። ኤጀንቱ ፎቶ ሲያነሣ ካያችሁ «የተበላሸውን ቦታ አንሣው፣ የልጆቼን ፎቶ ግን ባታካትት ደስ ይለኛል» ማለት ነውር የለበትም። ባለቤቱ ቤቱን ሊሸጥ ወይም እንደገና ሊያከራይ ብሎ ለማስታወቂያ ፎቶ ማስነሣት ሲፈልግ ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ማንነታችሁን የሚያሳይ፣ ወይም ውድ ዕቃችሁን አሳይቶ ሌባ የሚጋብዝ ፎቶ እንዳይወጣ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ክፍል ደረስኩ። ኢንስፔክሽኑ የእናንተም ቀን ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ባለቤቱ የላከው ሰው በእግሩ ከቤታችሁ ገብቷል፤ ለወራት በኢሜይል ያስረዳችሁትን ፍሳሽ አሁን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ይህን ዕድል በዝምታ አታሳልፉት! ወረቀት አዘጋጁ። የማይሠራ ማሞቂያ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ አልዘጋ ያለ መስኮት፣ ከመጋረጃው ጀርባ የተነሣ ሻጋታ ሁሉ በተራ ይጻፍ። በቪክቶሪያ የኪራይ ቤት ከግንባታው በመጣ እርጥበትና ሻጋታ የጸዳ መሆን አለበት፤ ዋናው ሳሎንም ቋሚ ማሞቂያ ሊኖረው ይገባል። የጭስ ማንቂያው በየዓመቱ፣ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩ በየ2 ዓመቱ መፈተሽ አለባቸው። «የመጨረሻው ፍተሻ መቼ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ቤተሰብን መጠበቅ ነው።

አስቸኳይ ያልሆነ ጥገና በጽሑፍ ከጠየቃችሁበት ቀን አንሥቶ በ14 ቀን ውስጥ ሊደረግ ይገባል። የፈነዳ ቧንቧ፣ የሚሸት ጋዝ፣ የጠፋ የሙቅ ውኃ ደግሞ አስቸኳይ ነው፤ ደውላችሁ መልስ ካጣችሁ እስከ 2,500 የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርሰውን ጥገና ራሳችሁ አስጠግናችሁ ገንዘቡን መጠየቅ ትችላላችሁ። ደረሰኙን ያዙ። አዲስ ቤት ልትገቡ ያላችሁ ደግሞ ኮንዲሽን ሪፖርቱን (ቤቱ ስትገቡ የነበረበትን ሁኔታ የሚመዘግበውን ቅጽ) በቁም ነገር ሙሉት፤ ከገባችሁ በኋላ 5 የሥራ ቀን አላችሁ። እያንዳንዱን ጭረት ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ። ከዓመታት በኋላ ስትለቁ ስለ ቦንዳችሁ የሚመሰክርላችሁ ያ ወረቀት ነው።

እንግሊዝኛው ያስቸገራችሁ እንደሆነ ያ ሰበብ ሆኖ አያስቀራችሁ። የመንግሥቱ የትርጉም አገልግሎት በ131 450 ላይ በአማርኛ ይገኛል፤ ደውላችሁ «አማርኛ» በሉና የተከራይን ጉዳይ ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር እንዲያገናኛችሁ አስተርጓሚውን ጠይቁ። ልጆቻችሁን የቤት ጉዳይ አስተርጓሚ ከማድረግም ታርፋላችሁ።

ኤጀንቱ በወጣበት ምሽት አንድ ኢሜይል ጻፉለት። «ዛሬ ስለመጡ እናመሰግናለን፤ አብረን ያየናቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው» ብላችሁ ዝርዝሩን ከፎቶው ጋር ላኩት። አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ኢንስፔክሽናችሁ ለሚቀጥለው ሐሙስ ከሆነ ዝርዝሩን ዛሬ ጀምሩት፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ብትጀምሩ ጥሩ ነው፣ እሱ ብዙ ጊዜ ይረሳል።