ስክሪኑ ጨለመ ማለት ኮምፒዩተሩ ሞተ ማለት አይደለም

በዊንዶውስ 98 የሚሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር ስክሪኑ ቢጨልም «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት። ውስጡ ያለው ጽሑፋችሁ አብሮ ይጠፋል። አስቀድማችሁ ጥፋቱን ለዩ።

ግራፊክስ ካርድ ምስልን ወደ ስክሪኑ የሚልክ ዕቃ ነው። ድራይቨር ደግሞ በዊንዶውስና በካርዱ መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው።

1. ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ምንም ፊደል ካልታየ፦ የስክሪኑን ገመድ ፈትሹ። ቀጥሎም ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ ካርዱን አውጡ፤ መሰኪያውን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። የጅቡቲ ከተማ የባሕር አየር ጨው ስላለበት ብረት ያዝጋል።

2. የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ታይተው ዊንዶውስ ሲጀምር ከጨለመ፦ ፊደላቱ ድራይቨር አያስፈልጋቸውም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የድራይቨሩ ነው። እንደገና ስትከፍቱ ኤፍ 8ን ደጋግማችሁ ተጫኑና «ሴፍ ሞድ»ን ምረጡ። ምስሉ በ640 በ480 ነጥብና በ16 ቀለም ብቻ ይመጣል።

3. ከሁሉ በፊት ጽሑፋችሁን ወደ ፍሎፒ ገልብጡ። ከዚያ በ«ዲቫይስ ማናጀር» የቀድሞውን ድራይቨር አስወግዱ፤ በካርዱ ላይ የተጻፈውን ስም አንብባችሁ ለዊንዶውስ 98 የተሠራውን ጫኑ።

ጥያቄ፦ በሴፍ ሞድ ምስል ከታየ፣ ካርዱን መለወጥ ያስፈልጋል? ምክንያታችሁን ጻፉ።