ቡድኑን ልተወው ወይስ ልቀጥል?

የሚነበበው፦ የሐዋርያት ሥራ 12፥12፤ 13፥4-13፤ 15፥36-41፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11

የዛሬው ጥናት ከእናንተው የመጣ ጥያቄ ነው። እዚህ ካኩማ ፎርም ስሪና ፎርም ፎር የደረሱ፣ በትምህርት ቤታቸው የእግር ኳስ፣ የቮሊቦል ወይም የሩጫ ቡድን ውስጥ ያሉ ልጆች “ቡድኑን ልተወው ወይ?” እያሉ ይጠይቃሉ። “አንተ” እያልኩ ብጽፍም ለእህቶችም ነው። እንዲያውም የእነሱ ጥያቄ ይከብዳል፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መልሱን ከአንድ ጥቅስ አውጥቼ እንድሰጥህ ከጠበቅህ አታገኘውም። መጽሐፍ ቅዱስ ኳስ ተጫወት ወይም አትጫወት አይልም። አንዳንድ ታላላቆቻችን 1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥8ን ያነሱና ስፖርት ከንቱ ነው ይላሉ። ክፍሉን ከፍተህ ራስህ አንብበው። ጳውሎስ ጥቅሙ ጥቂት ነው አለ እንጂ ምንም ጥቅም የለውም አላለም። ካኩማ ውስጥ ደግሞ ጥቂትን የሚንቅ ማን አለ? ይኸው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ (1ኛ ቆሮንቶስ 9፥24-27) ሯጭንና ቡጢ ተጋጣሚን ምሳሌ አድርጓል። በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ ውድድር ይደረግ ስለነበር ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገብቷቸዋል። እንግዲህ ጥያቄው ስፖርት ኃጢአት ነው ወይ የሚለው አይደለም። ከሰዎች ጋር የጀመርኩትን ነገር መሐል ላይ ልተወው ወይ፣ ብተወውስ እንዴት አድርጌ ነው የምተወው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከማርቆስ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ስሙ ዮሐንስ ነው፣ ማርቆስም ይባላል። እናቱ ማርያም ኢየሩሳሌም ውስጥ ቤት ነበራት። ጴጥሮስ ከወኅኒ በወጣበት ሌሊት ምእመናን ተሰብስበው ይጸልዩ የነበረው እዚያ ነው። የደጅ በር ያለው፣ ሠራተኛ ያለችበት ቤት ነው፤ ማርቆስ የሚመለስበት ነገር ነበረው ማለት ነው። በርናባስና ጳውሎስ ለአገልግሎት ሲላኩ እሱም ሊያግዛቸው አብሮ ሄደ። ቆጵሮስን ከስልማና እስከ ጳፉ አቋረጡ። ከዚያ በመርከብ ተሻግረው ጴርጌን ደረሱ። ከፊታቸው ወደ ጲስድያ አንጾኪያ የሚወጣው የተራራ መንገድ አለ። እዚህ ላይ ማርቆስ ተለያቸውና ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ።

ለምን? ሉቃስ አልጻፈም። ፈራ የሚሉ አሉ፣ እናቱ ናፈቀችው የሚሉ አሉ፣ ታመመ የሚሉም አሉ። እኔ የሉቃስን ዝምታ እወደዋለሁ። ሰው አንድ ነገር ሲተው ምክንያቱን እስከ ሥሩ የምናውቀው ከስንት አንዴ ነው። አንድ ልጅ ልምምድ ቀርቶ ሲገኝ ግን ሜዳው ዳር የተቀመጠው ሁሉ ምክንያቱን ያወራል። ሉቃስ እንደዚያ አላደረገም፤ ሄደ ብሎ አለፈ።

የመሄዱ ዋጋ ግን ተጽፏል። ከጊዜ በኋላ በርናባስ ዘመዱን ማርቆስን እንደገና እንውሰደው ሲል፣ ጳውሎስ ከጵንፍልያ ጥሎን የተመለሰውን አንወስድም አለ። ክርክሩ ስለበረታ ሁለቱ ተለያዩ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ ወደ ሶርያና ኪልቅያ ሄዱ። ጳውሎስ ያዘነበት ነገር ምን እንደሆነ ልብ በል። ማርቆስ ደካማ ነው አላለም፣ ሥራውን አያውቅም አላለም። ጥሎን ሄደ ነው ያለው። ሁለት ሰው የሦስት ሰው ሸክም ይዞ ተራራውን ወጣ።

አሁን የራስህን ጉዳይ አንሣ። በመጀመሪያ ምክንያትህን በትክክለኛ ስሙ ጥራው። ብዙ ምክንያት አንድ ላይ ተደርቦ ሲመጣ ለሰው የምንናገረው ጥሩ ጥሩውን ነው። አሠልጣኙ ሁለት ጨዋታ ተጠባባቂ አድርጎ ያስቀመጠው ልጅ “ለፈተና ልዘጋጅ ብዬ ነው” ይላል። ይባስ ብሎ “ጌታ ተናገረኝ” የሚልም አለ። ወንድሜ፣ የተቀየምከው አሠልጣኙን ከሆነ የተቀየምከው አሠልጣኙን ነው፤ ጌታን እዚህ ውስጥ አታስገባው። ቂም ደግሞ ከቡድን በመውጣት አይለቅም፤ ማቴዎስ 18፥15 እንደሚያዘው ሄዶ ለብቻው በማነጋገር ነው። ካነጋገርከው በኋላም መውጣት ከፈለግህ፣ ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው።

ምክንያትህ በእውነት ትምህርቱ ከሆነ ግን ቀላል አይደለም፤ ማንም ሊያቃልልህ አይገባም። የኬሲኤስኢ ውጤት እዚህ ላለ ልጅ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ካናዳ የሚወስደው የዉስክ ስኮላርሺፕ ተማሪዎችን የሚመርጠው መጀመሪያ ውጤታቸውን አይቶ ነው። የቤተሰቡ ፕሮሰስ ዓመታት የቆመበት ልጅ ያን ወረቀት እንደ በር ቢያየው አይፈረድበትም።

ታዲያ በስሜት ከመወሰንህ በፊት ቁጠር። በሉቃስ 14፥28 ጌታ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ተናግሯል። አንተም ተቀምጠህ የአንድ ሳምንት ሰዓትህን በወረቀት ላይ ጻፍ። ልምምድ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት እንበል። ከዚያ ከሜዳ እስከ ብሎክ የእግር መንገድ፣ ጄሪካን ይዞ ቧንቧው ላይ ሰልፍ፣ ራት፣ ከዚያ ጨለማ። የሶላር መብራቱ ካልሞላ ንባብ የለም። እንዲህ ስትጽፈው ሰዓትህን የበላው ማን እንደሆነ ይታያል። ምናልባት ልምምዱ ነው። ምናልባት ደግሞ ከልምምድ በኋላ ሱቁ በር ላይ ስልክ ይዞ መቀመጡ ነው። ኳሱን የተወ ሁሉ መጽሐፍ አይከፍትም፤ ቡድኑን ለቅቆ ያችን ሁለት ሰዓት እዚያው ሱቅ በር ላይ የሚጨርስ ልጅ ብዙ ነው።

የጊዜውንም አቀማመጥ እይ። የትምህርት ቤቶች የእግር ኳስና የቮሊቦል ውድድር የሚደረገው በሁለተኛው ተርም ነው፤ ፈተናው በሦስተኛው። ሞክ መሐል ላይ ይገባል፣ እሱን አልረሳሁትም። ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ምርጫው “ዛሬ ልውጣ ወይስ እስከ መጨረሻው ልቆይ” አይደለም። የዚህን ተርም ጨዋታ ጨርሶ፣ ቃልን ጠብቆ፣ ከዚያ መሰናበት የሚባል መንገድ አለ። መዝሙር 15፥4 በእግዚአብሔር ፊት የሚቆመው ሰው የሚጎዳው ቢሆን እንኳ ቃሉን እንደማያጥፍ ይናገራል። ስምህ ለውድድር ከተላከ ቃል ሰጥተሃል። ገና ካልተላከ ደግሞ ለመናገር ጥሩው ጊዜ አሁን ነው።

ሰውነትን በተመለከተ አሳጥሬ ልናገር። ራሽን በተቀነሰበት ወር በቀን አንዴ በልቶ፣ ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሁለት ሰዓት መሮጥ ጽናት አይደለም። ጉልበትህ ካበጠ ወይም ሜዳ ላይ ካዞረህ ዕረፍት ጠይቅ፣ ክሊኒክ ሂድ። ለዚህ ጾም ጸሎት አያስፈልገውም።

“በስፖርት ከዚህ እወጣለሁ” የምትለውንም ሕልም ልጥቀስ። ሕልሙ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ሲሳተፍ ከአሥሩ ስፖርተኞች አምስቱ ከዚሁ ከካኩማ የሄዱ ደቡብ ሱዳናውያን ነበሩ። የእኛው አገር ልጅ ዮናስ ክንዴም ከሉክሰምበርግ መጥቶ በዚያው ቡድን ማራቶን ሮጧል። ከአምስቱ አንዱ ዪየች ፑር ቢኤል መጀመሪያ እዚህ ካምፕ ውስጥ ኳስ ተጫዋች ነበር። በኳስ ሁሉ ነገር በጓደኞቹ ላይ መመሥረቱ ስላስቸገረው ወደ ሩጫ ዞረ፤ ሪዮ ላይ 800 ሜትር ሮጠ፣ በ2022 ደግሞ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ። እንግዲህ እሱም ቡድን ትቶ ነው እዚያ የደረሰው። ግን አምስት ሰው ነው፤ ካኩማ ውስጥ ስንት ሺህ ልጅ እንደሚሮጥ አንተው ታያለህ። በዚህ ሕልም ላይ ብቻ ተማምነህ ደብተር አትጣል።

ከሕልሙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በካምፑ ውስጥ ሁላችንም በየኮሚኒቲያችን ነው የምንኖረው። የኑዌሩ ልጅ፣ የሶማሌው፣ የኮንጎው፣ የቱርካናው ልጅ ካንተ ጋር በስዋሂሊ እየተጯጯኸ አንድ ጎል ላይ የሚተቃቀፈው የት ነው? ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አይደለም፣ እዚህ በአማርኛ ነው የምናመልከው። ብሎክ ላይ ግጭት ሲነሣ “ይሄንን ልጅ አውቀዋለሁ፣ አብሮኝ ይጫወታል” የሚል አንድ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ቡድኑን ብትተው ይህንን ሰላምታ አብረህ አትተው።

አሁን ወደ እህቶች። አንቺን የሚያስወጣሽ ብዙ ጊዜ የራስሽ ውሳኔ አይደለም። ውኃ አለ፣ ምግብ ማብሰል አለ፣ ታናናሾች አሉ፤ ሲመሽ መንገዱ ያስፈራል፤ “ሴት ልጅ ምን ሜዳ ላይ ያደርጋታል” የሚል ጎረቤትም አለ። የጨለማው ነገር እውነተኛ ሥጋት ነው፤ እናትሽ ስትጨነቅ አትቆጪ። አብራችሁ የምትመለሱ ጓደኞች ይኑሩሽ፣ ልምምዱ ቀደም ብሎ እንዲያልቅም ጠይቂ። የጎረቤቱን ወሬ በተመለከተ ግን፣ ሪዮ ላይ የስደተኞቹን ቡድን ባንዲራ የያዘችው ሮዝ ናቲኬ ሎኮንየን ከዚሁ ካምፕ የሄደች ሴት ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ያለኸው ወንድም ደግሞ ስማ፤ ጄሪካን ወንድ ልጅም ይሸከመዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ብትቀዳላት እህትህ መውጣት ላያስፈልጋት ይችላል። ቤተሰብ እምቢ ካለ ከእናቶች አገልግሎት አንዷን ጠሪ፤ መጥተው ከእናትሽ ጋር ቡና ጠጥተው ይነጋገራሉ።

ውሳኔህ መውጣት ከሆነ፣ ማርቆስ ባልተሰማበት መንገድ ውጣ። መልእክት በሰው አትላክ፣ ስልክህን አታጥፋ። አሠልጣኙንና ካፒቴኑን በአካል አግኛቸው፣ ምክንያትህን በአጭሩ ተናገር፣ ማሊያውን አጥበህ መልስ። በአንተ ቦታ የሚገባውን ልጅ አንድ ሁለት ቀን አሳየው። ሲቆጡህ መልስ አትመልስ፤ የሚቆጡት ስለሚያስፈልጋቸው ነው።

ቀሪዎቹስ? እናንተ የቀራችሁት የጳውሎስ ወይም የበርናባስ ቦታ ላይ ናችሁ። የሄደውን ልጅ መንገድ ላይ ስታገኙት ፊት አትንሡት። ጳውሎስ ራሱ በመጨረሻ እስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለ። በመሐሉ ዓመታት አልፈዋል። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ሁለተኛውን ወንጌል የምታነበው በዚሁ በተመለሰው ልጅ ስም ነው። በርናባስ ያን ጊዜ እጁን ባይይዘው ምን ይሆን እንደነበር አስቡት።

ዓርብ በወጣቶች ጥናት ላይ ሰዓታችሁን የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ለማንም ማሳየት ግዴታ አይደለም። አብረን የምንወያየው በሁለት ነገር ነው። ጳውሎስ ማርቆስን አልወስድም ማለቱ ልክ ነበር ወይ? እናንተስ አሁን ልትተዉት የምታስቡት ነገር ካለ፣ በሚቀጥለው ቀን ሸክማችሁን የሚሸከመው ሰው ማን ነው፤ አነጋግራችሁታል?