በፍርሃት ጊዜ አላህ ከባሮቹ ጋር ስለ መኾኑ

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ እዝነትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ መፍራት ብቻውን የእምነት ጉድለት እንዳልኾነ ዕወቁ። ነቢዩ ሙሳና ወንድማቸው ሃሩን ወደ ፈርዖን በተላኩ ጊዜ ፍርሃታቸውን ለጌታቸው እንደ ገለጡ በጣሃ ምዕራፍ ተነግሯል። አላህም አልነቀፋቸውም፤ ከእነርሱ ጋር ኾኖ እንደሚሰማና እንደሚያይ ነግሮ አጽናናቸው እንጂ።

ዑለማዎች የአላህን ከባሮቹ ጋር መኾን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው በዕውቀቱ ከፍጡር ሁሉ ጋር መኾኑ ነው። ሁለተኛው በርዳታውና በጥበቃው ከአማኞች ጋር መኾኑ ነው። የኋለኛው ያጽናናል፤ የፊተኛው ያስጠነቅቃል። አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ሰው ትምህርቱን በግማሽ ተምሯል።

ስለ ማጽናናቱ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ622 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከመካ ሲሰደዱ፣ መዲና በሰሜን ሳለች በስተ ደቡብ ወደ ሰውር ተራራ ሄዱ፤ በዋሻው ሦስት ሌሊት ተሸሸጉ፤ እስልምናን ያልተቀበለ ነገር ግን የታመነ መንገድ መሪም ቀጠሩ። አሳዳጆች በቀረቡ ጊዜ ግን አቡ በክርን ያጽናኑት በአላህ አብሮነት እንጂ በዋሻው ጨለማ አልነበረም። እንግዲህ ተወኩል ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ የሚቻለውን ፈጽሞ ልብን በአላህ ላይ ማሳረፍ ነው።

ጠያቂም «በአላህ ተመክተው ሳለ የተገደሉ አሉ፤ ርዳታው የት ነበር?» ቢል፣ አማኝን መከራ አይነካውም የሚል ቃል ኪዳን አልተሰጠም እንላለን። በኡሑድ ቀን ነቢዩ ራሳቸው ቈስለዋል፤ አጎታቸው ሐምዛም ተገድለዋል። በአላህ ዘንድ ግን የተበደለ አይረሳም፤ ደሙም ከንቱ አይቀርም።

ስለ ማስጠንቀቁ፤ ይህ ነገር ለአሶሳና ለመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰው ቅርብ ነው። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ተሻግሮ በሸርቆሌ፣ ኋላም በባምባሲ መጠለያ ተቀመጠ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረው ጦርነትም ሌሎችን አመጣ። በ2011 ዓ.ም. በካማሺ፣ በ2013 ዓ.ም. በመተከል ደግሞ የክልሉ ነዋሪ ራሱ ቤቱን ጥሎ ሸሸ።

የፈራ ሰው ወሬ ያምናል፤ ወሬ ያመነ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ የጠረጠረም እጁን ያነሣል። በዚያች ሰዓት «አላህ ከእኔ ጋር ነው» የሚል ሰው፣ እርሱ የጎረቤቱንም ፍርሃት እንደሚያይ ያስብ። በፍርሃት የተሠራ ግፍ ግፍ መኾኑ አይቀርምና።

በ615 ባልደረቦች ፈርተው ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ በመጡ ጊዜ የአላህ ርዳታ የደረሰላቸው በፍትሐዊው ንጉሥ በነጃሺ እጅ ነበር። ዛሬም የፈራ ሰው ደጃችሁን ሲመታ፣ ነገዱን ሳትጠይቁ ውሃና ማረፊያ ስጡት፤ ርሱ የለመነው ርዳታ በእናንተ እጅ ተልኮ ይኾናልና።

ጌታችን ሆይ፤ ፍርሃታችንን በጸጥታ ለውጥልን፤ እጃችንንም ከግፍ ጠብቅልን። አሚን።