ዝናብ የሚመልስ በር፤ ስለ ቦዩ መቍረጫ መምሪያ አሠራር

በቢቸናና በሞጣ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲጸና የመጻሕፍቱ ክፍል በር ተዘግቶ ይከርማል። በሩ ሲዘጋ ክፍሉ ይታፈንና መጽሐፉ ይሻግታል፤ ቢከፈትም ወጨፎ ገብቶ ያበላሸዋል። ለዚህ የሚበጀው ነፋስ አስገብቶ ዝናብ የሚመልስ በር ነው። ይኸውም ጣልያኖች ፐርሲያና የሚሉት፣ በሁለት ቋሚዎች መካከል ስስ ጣውላዎች ወደ ውጭ አዘንብለው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡበት ነው። እነዚህን ስስ ጣውላዎች ከዚህ በታች ቅጠል እንላቸዋለን።

ቅጠሉን መላግ ቀላል ነው። ጭንቁ ቅጠሉ የሚገባበትን ቦይ በሁለቱ ቋሚዎች ላይ ትክክል አድርጎ መቍረጥ ነው። 20 ቅጠል ላለው በር 40 ቦይ ይቈረጣል። ሠራተኛው እያንዳንዱን ቦይ ከፊተኛው ቦይ እየተነሣ ቢለካና በየጊዜው 1 ሚሊ ሜትር ቢስት፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ስሕተቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቅጠሉም በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ይቀራል።

የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች ይህን ከጥንት ያውቁት ነበር። በቢቸና አጠገብ በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በሞጣ ጊዮርጊስ የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሰው፣ በገጹ ዳርና ዳር በወስፌ የተወጉትን ጥቃቅን ነጥቦች ሳያይ አይቀርም። ጸሐፊው መሥመሩን አንድ በአንድ አይለካም፤ አስቀድሞ ወግቶ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያሰምራል እንጂ።

እንግዲህ እኛም በቋሚው ልክ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ እናዘጋጅ። በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ይደረግበት፤ ምልክቱም ሁሉ ከዘንጉ ጫፍ ይለካ እንጂ አንዱ ከሌላው አይለካ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቋሚዎች የውስጥ ጠርዛቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ ራስና ግርጌያቸው ተስተካክሎ በአንድነት ይታሰሩና ምልክቱ በሁለቱም ላይ ባንድ ጊዜ ይሰመር፤ ወደ ጐናቸውም ይውረድ።

ክፍተቱን ዘንጉ ሲጠብቅ፣ ዝንባሌውንና ጥልቀቱን የሚጠብቀው መምሪያው ነው። ቋሚው 4.5 ሴንቲ ሜትር፣ ቅጠሉም 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የቅጠሉም ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር እንደ ሆነ፣ ከደረቅ ወይራ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት ሳንቃዎች ይቈረጡ። ቋሚውን ከግራና ከቀኝ አቅፈው 4 ሴንቲ ሜትር ከጠርዙ በታች ይውረዱ፤ ዳርና ዳራቸውም በጠርዙ ላይ በሚያርፉ ሁለት አግዳሚዎች ይጋጠም። በሳንቃዎቹ ላይ በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ ሁለት ትይዩ የመጋዝ መንገዶች ይከፈቱ፤ ከውጭ ዳር እስከ ውጭ ዳር ያለው ስፋት 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መንገዶቹ ከላይ ጀምረው 7 ሴንቲ ሜትር ይውረዱ። ከዚያ በታች መጋዙ ሊሄድ አይችልምና ቦዩ ሁሉ 1 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ በሁለቱ መንገዶች መካከል የቀረውን እንጨት መሮ ያወጣዋል። የዝንባሌው ልክ የጠፋበት ሰው ጐኖቹ ሁሉ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ወረቀት ከጥግ እስከ ጥግ ይጠፍ።

አሁን አንባቢው ያስተውል። ከነዚህ መንገዶች ጋር የሚተላለፉ፣ ወደ ሌላ ወገን ያዘነበሉ ሌሎች ሁለት መንገዶች በዚያው መምሪያ ላይ ይከፈቱ፤ ያንዱ ጥንድ ለቀኙ ቋሚ፣ ያንዱም ለግራው ነው። የሁለቱ ጥንዶች መተላለፊያ ትክክል መካከሉ በሳንቃው ግርጌ ይመልከት፤ ሥራው ላይ ከቋሚው ምልክት ጋር የሚገጥመው እርሱ ነው። በአንደኛው ጥንድ ላይ «ቀ»፣ በሁለተኛው ላይ «ግ» ተብሎ ይጻፍ። እኔ ይህን ሳልጽፍ አንድ ጊዜ ሁለቱንም ቋሚ በአንዱ መንገድ ቈረጥኹ። ራሱን ወደ ግርጌ ባዞረው ይቃናል ብዬ ነበር፤ ባዞረውም ዝንባሌው ያው ሆነ። ሁለት ዓመት ያደረቅኹት ዋንዛ የምድጃ ማገዶ ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱን መምህሩ ለተማሪዎቹ በወረቀት ሊያሳይ ይችላል። ያዘነበለ መሥመር ጽፎ ወረቀቱን ራሱን ወደ ታች ቢያዞረው መሥመሩ እንደ ነበረ ነው። በጀርባው ገልብጦ ወደ ብርሃን ሲያይ ግን ዝንባሌው ይለወጣል። ቋሚው ደግሞ ቦዩ በአንድ ጠርዙ ብቻ ስለ ሆነ በጀርባው ሊነበብ አይችልም።

መምሪያው መጀመሪያ በባሕር ዛፍ ቍራጭ ይፈተን። ቅጠሎቹም ሲገቡ የታችኛው ዳራቸው ወደ ውጭ ይሁን። ቦዩ በሁለቱም ጐን ክፍት ነውና እያንዳንዱ ቅጠል እንዳይንሸራተት በቀጭን ሚስማር ይያዝ፤ ኮላ አይቀባ፤ የተሰበረ ሲኖር ሚስማሩን ነቅሎ ለመለወጥ እንዲመች።