አያ ጅቦ መድረክ ላይ ሲወጣ

አህያና ጅብ ወንዝ ወረዱ። ጅብ ከላይ ሆኖ ይጠጣል። አህያ ከታች ሆና ትጠጣለች። ጅብ ቀና አለና «ውሃውን ለምን አደፈረስሽብኝ?» አላት። ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከታች ወደ ላይ አይወጣም። አህያዋ ይህን ታውቃለች። ጅቡም ያውቃል። ስለዚህ ክርክሩን ትታ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው።

ይህን ተረት በደብረ ታቦር፣ በጋይንት፣ በእስቴ፣ በፎገራ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከእናቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ያልሰማው ከሽማግሌ አፍ ሰምቶታል። ዳኛ ሲያዳላ፣ ጉልበተኛ የደካማ ድንበር ሲገፋ፣ የተበደለው ሰው ይህችን ቃል ይናገራታል። የማንንም ስም አይጠራም። የሰማው ሁሉ ግን ጅቡ ማን እንደ ሆነ ያውቃል።

እንዲህ ያለ ተረት ከምድጃ ዳር ተነሥቶ መድረክ ላይ የወጣበት ጊዜ አለ። በወጣ ጊዜም ታላላቅ ሰዎችን አስቆጥቷል። ዛሬ የምናነበው ይህንኑ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከሩቅ አገር ነው።

በፈረንሳይ አገር ዣን ደ ላ ፎንቴን የሚባል ደራሲ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1668 የአውሬና የእንስሳት ተረቶችን በግጥም ጽፎ አሳተመ። መጽሐፉን ያበረከተው ለንጉሡ ለሉዊ 14ኛ ልጅ ነው። ልጁ ገና 7 ዓመት አልሞላውም ነበር። እንግዲህ መጽሐፉ ለልጅ የተጻፈ ነው ማለት ነው። ከነዚያ ተረቶች አንዱ ምን ይላል መሰላችሁ? አንድ ግልገል በግ ከወንዝ ይጠጣል። ተኩላ መጣና «ውሃዬን ለምን ታደፈርሳለህ?» አለው። ግልገሉም «ጌታዬ፣ እኔ የምጠጣው ከእርስዎ በታች ነው፤ እንዴት አደርገዋለሁ?» ብሎ መለሰ። ተኩላው «አምና ሰድበኸኛል» አለ። ግልገሉ «አምና አልተወለድኩም» አለ። «እንግዲያው ወንድምህ ነው።» «ወንድም የለኝም።» «ከዘመዶችህ አንዱ ነው» አለና ተኩላው ወደ ጫካ ወስዶ በላው።

እንዴ! ይህ የእኛው ተረት አይደለም ወይ? ባሕር ተሻግሮ ያለ ሕዝብም የውሃውን ነገር እንደኛው ያውቀዋል። ላ ፎንቴንም ቢሆን ከራሱ አላመነጨውም። ከእርሱ በፊት ከ2000 ዓመት በላይ በግሪክ አገር ኤዞፕ የሚባል ተረት ነጋሪ እንደ ነበረ ይነገራል። ብዙውን ተረት ያገኘው ከኤዞፕ ነው። ኤዞፕ ባሪያ ነበር ይላሉ። ባሪያ ጌታውን ፊት ለፊት ሊወቅስ አይችልም። ስለ ተኩላ ቢያወራ ግን ማን ይከለክለዋል?

በሁለቱ ተረቶች መካከል አንድ ልዩነት አለ። ግልገሉ ለእያንዳንዱ ክስ መልስ ይሰጣል። መልሱ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ተበላ። የእኛይቱ አህያ ግን አልተከራከረችም። ለእኔ አህያዋ ትበልጥብኛለች። ጅቡ ሥጋዋን ብቻ አይደለም የፈለገው። ፍርድ የሰጠ መምሰልም ፈልጎ ነበር። እርስዋ ይህንን ከለከለችው። ሊበላት ለተዘጋጀው እንኳ «አያ» ማለትዋን ልብ በሉ። ይህ የአገራችን ሰው ጠባይ ነው፤ አክብሮትና ምሬት በአንድ አፍ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። የአድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ሲደረግ ገና ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ፈረንሳይንና እንግሊዝንም አይተዋል። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ ጄኔቭ በተሰበሰበው የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተናግረዋል። ሰው የሚያስታውሳቸው ይበልጡን በእነዚህ ሥራዎች ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ሌላ ሥራቸውን ነው።

ተክለ ሐዋርያት በውጭ አገር ቴአትር አይተዋል። ቴአትር ማለት ምንድን ነው? አንድ ታሪክ በወሬ ሳይሆን በሰው ድርጊት ሲታይ ቴአትር ይባላል። አንዱ ዳኛ ይሆናል፤ አንዱ ከሳሽ፤ አንዱ ተከሳሽ። እንደ እውነቱ ሁሉ ይነጋገራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። የሚሠሩት ሰዎች ተዋንያን ይባላሉ። የሚሠሩበት ከፍ ያለ ቦታ መድረክ ይባላል። ታሪኩ በዘፈንና በጭፈራ ሲነገር ደግሞ ሙዚቃዊ ቴአትር ይሉታል።

እርሳቸውም የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው በአማርኛ አንድ ቴአትር ጻፉ። ስሙ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ፋቡላ ማለት ተረት ማለት ነው። ኮሜዲያ ደግሞ የሚያስቅ ቴአትር ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው የመድረክ ቴአትር እርሱ ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ በቴራስ ሆቴል ታየ። ሊያዩ የመጡት መኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ።

እስቲ ያን ምሽት አስቡት። መኳንንቱ ካባቸውን ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው አውሬዎች እንደ ሰው ይነጋገራሉ። ነገሩ የልጆች ተረት ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ሰሙ ይቀልጥና ወርቁ ይታያል።

የደቡብ ጎንደር ሰው ሰምና ወርቅ ምን እንደ ሆነ አስረዱኝ አይልም። ከቤተልሔም ድጓ የተማረ፣ ከዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ቀጽሎ የመጣ ሊቅ በየደብሩ ያለበት አገር ነው። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው። ወርቁ ውስጥ ውስጡን የተባለው ነው። በፋቡላ ሰሙ አውሬዎቹ ነበሩ። ወርቁ በዚያን ጊዜ የነበረው ጉቦና ብልሹ አስተዳደር ነበር። ጉቦ የሚበላ ሹም ስሙ ሲጠራ «ዋሸህ» ብሎ ይከሳል። አውሬ ሲጠራ ግን ምን ይላል? «ያ አውሬ እኔ ነኝ» ካለ ራሱን አጋለጠ። ዝም ካለም ሰው ይስቅበታል። ተረት ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የደረሰባቸው ሰዎች ገባቸው። የንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ቴአትር እንዳይታይ ከለከለ። አንድ የተረት ጨዋታ የመላ አገሪቱን መድረክ አዘጋ ማለት ነው። ቴአትር እንደ ገና የታየው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ከነገሡበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ክልከላው ለዓመታት ቆየ። ለተረት ይህን ያህል መፍራት ትንሽ ያስቃል፤ ግን አያስገርምም። ያልተማረው ሕዝብ ደብዳቤ አያነብም ነበር። ተረት ግን ይሰማል፤ ሰምቶም ለጎረቤቱ ይነግራል።

ቴአትር ሲመለስ መድረኩን የያዙት ልጆች ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ነው፤ የጎጃም ባለ ቅኔ። አዲስ አበባ መጥቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማረ። ቴአትር እየደረሰ ለተማሪዎቹ ያስጠና ነበር። ዜማ አዋቂ ስለ ነበር ቴአትሩን በመዝሙር ይሞላዋል። ልጆቹ ይዘምራሉ፤ መልሰው ይነጋገራሉ። በ1939 ዓ.ም. ሞተ። የእኛን አገር ቴአትር ከዘፈን ጋር ያጋባው ማን ነው ብትሉኝ እርሱን እጠራለሁ።

ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሶ የሚጫወት አንድ ወጣትም ነበር፤ ተስፋዬ ሣህሉ። ኋላ ግን የታወቁት በልጆች አባትነት ነው። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነገሩ። አባባ ተስፋዬ ተባሉ። በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። በልጅነቴ ያየኋቸው ሰዎች ሲናገሩ፣ አውሬውን ሁሉ በድምፃቸው ያመጡት ነበር ይላሉ። ቴሌቪዥን ያልነበረው የገጠር ልጅ ግን አልቀረበትም አልልም። ቀርቶበታል። አያቱ ባትኖር ደግሞ ይበልጥ ይጎዳ ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁም «ተረት ተረት የመሠረት» የሚል የተረት መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. አሳትመዋል። እንግዲህ ተረት መጽሐፍም መድረክም ያውቃል።

ቴአትር የከተማ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። በነሐሴ 13፣ በቡሄ ቀን፣ ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ ሲጫወቱ አንዱ ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዱላ መሬት ይመታል። ባለቤቱ ይወደሳል፤ ሙልሙል ካልሰጠ ደግሞ ይነካል። ይህ ግማሽ ቴአትር ነው። የሚጎድለው ታሪክ ብቻ ነው። ታሪኩ ከተጨመረበት ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከጉና ተራራ ሥር ባለች አንዲት መንደር ልጆች የአህያዋንና የጅቡን ተረት ተጫወቱት። ወሩ ጥር ነው፤ ከጥምቀት በኋላ። ውቂያ አልቋል። መድረካቸው አውድማው ነበር። ነጭ ጋቢ መሬት ላይ ዘረጉና «ይህ ወንዝ ነው» አሉ። ስምንት ልጆች በጋቢው ዳርና ዳር ቆመው ውሃውን ሆኑ፤ እየተወዛወዙ ይዘፍናሉ። አንዱ ባዶ ጀሪካን እንደ ከበሮ ይመታል። ጅቡ ደበሎ ገልብጦ ለበሰ። አህያዋ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከጆንያ የተሠራ ረዥም ጆሮ አሰረች። ዜማውን ከሆያ ሆዬ ወሰዱት፤ ቃሉን ራሳቸው አወጡ። ሌላ ዜማ ላስተምራቸው ብሞክርም እንቢ አሉኝ። ልክ ነበሩ።

በዚያች መንደር የመስኖ ውሃ ጠብ ነበረ። ላይ ያሉት ሌሊት ተነሥተው ውሃውን ወደ ድንቻቸው ይመልሱታል። ታች ያሉት ነጭ ሽንኩርታቸው ይደርቃል። የውሃ አባቱ ተራ ቢያወጡም የሚያከብረው ጠፋ። ተመልካቹም ሲቀመጥ የላዩ ከላዩ፣ የታቹ ከታቹ ጋር ሆኖ ነው። ልጆቹ ይህን አስበው ይሁን ሳያስቡ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ጅቡ ከላይ ቆሞ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ!» ሲል መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ከታቾቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከላዮቹ አንድ ጎልማሳ ብድግ አለና «ይህን ያስተማራችሁ ማነው?» ብሎ ጮኸ። ጀሪካኑ ዝም አለ። ውሃ የሆኑት ልጆች ባሉበት ቆሙ። እኔም ላቤ መጣ። ጅቡ ደበሎውን ከፊቱ ገለጥ አድርጎ «ጋሼ፣ ተረት ነው እኮ» አለ።

የውሃ አባቱ ሽማግሌ ሳቁ። «አዎን ተረት ነው። ተቀመጥ አንተ፤ አህያዋ ሳትበላ ትሂድልን ወይ?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎልማሳውም ሳይወድ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ጨዋታው ቀጠለ።

በማግስቱ ውሃው ተለቀቀ ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ሦስት ጊዜ ሽምግልና ተቀምጠው ነው ተራው የጸናው። በሁለተኛው ቀን አንድ ከታች የመጣ ሰው «ሳታመኻኙ ውሰዱት» ብሎ ሲነሣ ሰምቻለሁ። እሱን ያስቀመጡት በልመና ነው።

የአህያዋ ልጅ ግን በቴአትሩ ደስ አላላትም። «ጅቡ ብዙ ይናገራል። እኔ የምናገረው አንዲት ነገር ብቻ ናት» አለች። ስለ ፈረንሳዩ ግልገል ነገርኳት፤ ለእያንዳንዱ ክስ መልስ እንደ ነበረው። ጥቂት አሰበችና «እኔ መጀመሪያ ልመልስለት፤ ከዚያ ሳታመኻኝ ብላኝ ልበለው» አለች። ሁለቱንም ፈለገች።

አዲሱ ቃል እንዳይጠፋባት በደብተር እንዲጻፍ ሆነ። የጻፈላት አባትዋ ነው። ማንበብና መጻፍ ከተማረ ዓመት አልሞላውም። ኩራዙን ጠጋ አድርጎ፣ እርሳሱን ምራቁ እየነካ፣ እርስዋ ስትናገር እርሱ ይጽፋል። «ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ አህያ እንዲህ አይፈጥንም» ይላታል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመና «ሳታመካኝ በካ ነው በኻ?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለቱም ይጻፋል አልኩት። እርሱ ግን በኻ ጻፈው። «ጅብ ፊት የቆመች አህያ ትንፋሽዋ ይቆራረጣል፤ ኻ ነው የምትለው» አለ።